ጦም ያደረ መሬት፦ ከሰንዳፋ ሜዳ እስከ ሱባ ደን

ባለፈው ጥቅምት በአንዱ ቅዳሜ ከታሪክ፣ ከጂኦግራፊና ከሥነ ጽሑፍ ክፍሎች የተሰባሰብን ዐሥራ አንድ ተማሪዎች ከስድስት ኪሎ በጧት ተነሥተን የደብረ ብርሃንን መንገድ በመያዝ ወደ ሰንዳፋ ሄድን። አሳባችን ተፈጥሮን በእግር እየዞሩ መመልከት ነበር። ሁለት አቅርቦ ማሳያ መነጽርና አንድ የወፎች መጽሐፍ በውሰት ይዘናል፤ ዳቦና ውሃም አልጐደለብንም። የጐደለን መሪ ብቻ ነበር፤ እርሱንም ቢሆን «ሜዳ ለማየት መሪ ምን ያደርጋል?» ብለን ሆን ብለን የተውነው ነው።

ሦስት ሰዓት ያህል በስንዴና በጤፍ ማሳ ድንበር ላይ ተጓዝን። ያየነውን ስንቈጥር ስንዴ፣ ጤፍ፣ ባሕር ዛፍ፣ እንደ ገና ስንዴ ሆነ። ከመካከላችን አንዱ «ይህማ በአውቶቡሱ መስኮትም ይታይ ነበር» ቢል ሁላችንም ሳቅን፤ እውነቱን ስለ ነገረን ግን ሳቁ ብዙ አልቈየም። በዚህ መካከል ማሳቸውን ከከብት ከሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ደረስን። እርሳቸውም ጥቂት ሲመለከቱን ከቈዩ በኋላ በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቁን። የሰንዳፋ ልጅ የሆነው ጓደኛችን ሲተረጕምልን «ከብት ጠፋባችሁ ወይ?» ማለታቸው ኖሯል። አንገቱን ወዲያና ወዲህ እያለ በሰው ማሳ ድንበር የሚዞር ሰው መቼም የጠፋበት ነገር መኖር አለበትና አልፈረድንባቸውም።

የመጣንበትን ምክንያት ባስረዳናቸው ጊዜ «እንግዲያው አልፋችሁት መጥታችኋል» ብለው ወደ ኋላችን መለሱን። ከአንድ ድንጋያማ ዳገት ላይ ቆሙና በዱላቸው ጫፍ ከጕልበት የማይበልጥ ድብልብል ቍጥቋጦ አሳዩን። ቅጠሉ ከላይ ጠቈር ያለ አረንጓዴ፣ ከሥር ነጣ ያለ ነው። «ኤጀርሳ» አሉ፤ ወይራ ማለታቸው ነው። ጕቶው እንደ ሰው ጭን ወፍሯል፤ ምናልባትም ከእኛ ከሁላችን በዕድሜ ይበልጣል። ነገር ግን ባቈጠቈጠ ቍጥር ከብትና ፍየል ጫፉን እየቀነጠሰው ወደ ላይ ማደግ ስለ ተሳነው ወደ ጐን ብቻ ሰፍቶ ቀርቷል። በዚያ ዳገት ላይ እንዲህ ያሉትን ቍጥቋጦዎች ብንቈጥር ሠላሳ ያህል አገኘን። ቀደም ሲል በዚያው በኩል ስናልፍ አንዱንም አላየንም ነበር። በአባታቸው ዘመን ዳገቱ በሙሉ ኤጀርሳ እንደ ነበረ ሽማግሌው ሲነግሩን፣ እኛ በባዶ ሜዳ የሄድን መስሎን በተቀበረ ደን ላይ ስንመላለስ እንደ ዋልን ገባን።

ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚያ ቍጥቋጦ ነው። ልናስረዳ የምንሞክረውም ሲታረስና ሲጋጥ የኖረ መሬት ወደ ዱር እንዴት እንደሚመለስ፣ በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ከመሪ ጋር መሄድ ምን ዐይነት ትምህርት እንደ ሆነ፣ ይልቁንም መሪው ማን መሆን እንዳለበት ነው። የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን «ይህ የእናንተ ጕዳይ አይደለም» እንዳይሉን አስቀድመን እንለምናቸዋለን፤ የነገሩ እኩሌታ የዕፅዋት ትምህርት ሲሆን እኩሌታው ደግሞ ታሪክና ቋንቋ ነውና።

ከቋንቋው እንነሣ። መሬት ሳይታረስ ሲቀር «ጦም አደረ» እንላለን፤ መሬቱ ራሱ የተራበ ይመስል። ብዙ ዓመት ሲተው «ጠፍ» ይሆናል፤ አረምና ቍጥቋጦ ሲወርሰው «ዳዋ ዋጠው» ይባላል፤ ሰው ጨርሶ ሲለቀው ደግሞ «ባድማ» ነው። ከእነዚህ ቃላት አንዱ እንኳ የምስጋና ቃል አይደለም። ይህም የሆነው ገበሬው የዛፍ ጠላት ስለሆነ አይደለም፤ ያልታረሰ ማሳ ማለት በክረምት ባዶውን የሚቀር ጐተራ ማለት ስለሆነ ነው። በሌላ ወገን ግን «ክልክል» የሚል ቃል አለን፤ ከብት እንዳይገባበት ተከልክሎ ሣሩ የሚያድግበት ቦታ ነው። በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለውንም ዛፍ ማንም «ዳዋ» ብሎ ሲጠራው አልሰማንም። እንግዲህ አባቶቻችን መሬትን መተውን ያውቁበት ነበር፤ የሚያከብሩት ግን ማን እንደ ተወውና ለምን እንደ ተወው በታወቀ ጊዜ ብቻ ነው።

የኦሮምኛውም ስም እንዲሁ ብዙ ያስተምራል። ላፍቶ ማለት ግራር ነው፤ መካኒሳ የብሳና ስም ነው፤ ቢርቢርሳ ደግሞ ዝግባ ሲሆን የዛሬው የፒያሳ አካባቢ የቀድሞ መጠሪያ ነበር። በየቀኑ በታክሲ ረዳት አፍ ሲጠሩ የምንሰማቸው የሰፈር ስሞች የጠፋ ደን መዝገብ ሆነው ተቀምጠዋል ማለት ነው። እኛም አራት ዓመት ሙሉ በላፍቶ ስንመላለስ ግራሩን አልጠየቅነውም።

በውጭ አገር ነገሩ በዘመናችን ራሱን የቻለ ስም አግኝቶ ብዙ ተጽፎበታል። አዘውትሮ የሚጠቀሰው ምሳሌ በደቡብ እንግሊዝ፣ በምዕራብ ሳሴክስ የሚገኘው የኔፕ ርስት ነው። ስፋቱ 1,400 ሄክታር ያህል ነው፤ በእኛ በቀድሞው ልክ 35 ጋሻ ይሆናል። ባለቤቱ ቻርሊ በረል ከ200 ዓመት በላይ በቤተ ሰቡ እጅ የኖረውን ይህን መሬት በእህልና በወተት ላም ሲያለማው ቈየ፤ ነገር ግን አፈሩ ከባድ ጭቃ ስለሆነ ከትርፍ ይልቅ ዕዳ ስለ በዛበት በፈረንጆች አቈጣጠር በ2000 ገደማ ማረሱን መተው ጀመረ። የውስጡን አጥር አንሥቶ ጥቂት ከብት፣ የዱር ጠባይ ያላቸው ፈረሶች፣ ዐሣማዎችና አጋዘኖች ለቀቀበት። ዐሣማው አፈሩን ሲቈፍር ያልታሰበ ዘር በቀለ፤ በቀለውም ላይ ብርቅ የነበረ ቢራቢሮ ሰፈረ። በ2020 በበጋ ወደ እኛም አገር የሚወርደው ነጭ ሽመላ፣ ተመልሶ እንዲለምድ ከተለቀቀበት ከዚያ ርስት ላይ፣ በእንግሊዝ ምድር በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በዱር ጫጩት አወጣ። የበረል ባለቤት ኢዛቤላ ትሪ የነገሩን ታሪክ በ2018 በመጽሐፍ አሳትማዋለች። ጐብኚዎችም ገንዘብ እየከፈሉ ከመሪ ጋር ይዞሩበታል፤ መሬቱ ከእህል ያላገኘውን ከእግረኛ ያገኛል ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ በተለይ አንዱ ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። በተተወ መሬት ላይ በመጀመሪያ የሚመጣው ዛፍ ሳይሆን እሾህ ነው። ባለ እርሻው ይህን ሲያይ መሬቱ የተበላሸ ይመስለዋል። ነገር ግን የወጣት ዛፍ ችግኝ ከከብት አፍ የሚተርፈው በዚያ እሾህ ውስጥ ተደብቆ ነው። በእኛም አገር አጋምና ቀጋ ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ። በትግራይ በተደረገ ጥናትም የወይራ ችግኝ ደደሆ በተባለው ቍጥቋጦ ጥላ ሥር ሲሆን ከባዶ ሜዳ ይልቅ የተሻለ ዕድል እንዳለው ታውቋል። ስለዚህ «ዳዋ ዋጠው» የምንለው መሬት ብዙ ጊዜ ሞግዚት የተቀጠረለት መሬት ነው።

ነገር ግን የኔፕን ምሳሌ ነቅለን ሰንዳፋ ላይ ልንተክለው አንችልም። 35 ጋሻ ያለው ሰው ማረስ ቢተው አይራብም። በእኛ አገር በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ የገጠሩን መሬት ሁሉ የሕዝብ ካደረገው ወዲህ እንዲህ ያለ የግል ርስት የለም፤ ከዚያም በፊት ጋሻ በጋሻ ይዘው የነበሩት ባለርስቶች መሬቱን ለወፍ ለመተው ያሰቡ አይመስለንም። ያነጋገርናቸው ሽማግሌ ይዞታቸው አንድ ሄክታር አይሞላም፤ ሦስት ልጆቻቸውም ከዚያችው ይጠብቃሉ። ለእንዲህ ያለ ሰው «ግማሹን ለዱር ተውልን» ማለት ነውር ነው። ታዲያ በአገራችን መሬት መተው የቻለ ማን ነው? ታሪክን ስንጠይቅ ንጉሥ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ማኅበርና መንግሥት ሆነው እናገኛቸዋለን። ከእነዚህም የንጉሡ ሥራ ለእኛ ቅርብ ስለሆነ በኅዳር ወር ሄደን አየነው፤ በዚህ ጊዜ ግን ከመሪ ጋር ነበር።

የመናገሻ ሱባ ደን ከሰበታ አልፎ በወጨጫ ተራራ ጐን ላይ ይገኛል። በ15ኛው መቶ ዓመት የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ተራራው ተራቁቶ ቢያዩት በሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ኋላም ዐፄ ምኒልክ የዘውድ ደን አድርገው አስጠብቀውታል። ይህ በትክክል የተያዘ ትውፊት ከሆነ፣ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በእኛ አገር የተራቈተ መሬት በትእዛዝ ወደ ዱር ተመልሷል ማለት ነው። በዚህ መኵራት ይገባናል፤ ነገር ግን ከኵራቱ ጋር አንድ ጥያቄ ይከተላል። ያን ጊዜ ተራራውን ያራቈተው ማን ነበር? ሲተከልስ ከዚያ የተነሣው ሰው ወዴት ሄደ? ዜና መዋዕል የንጉሥን ትእዛዝ ይጽፋል እንጂ ፍየሉን እየነዳ የወረደውን ሰው አይጽፍም።

መሪያችን አምሳ ዓመት ገደማ የሆናቸው፣ ከደኑ ሥር ካሉት መንደሮች የተወለዱ ሰው ናቸው። «ጋሼ» እያልን ስንከተላቸው ቀን ቀን ቃል ሳይናገሩ መቶ ርምጃ ያህል ይሄዱና በድንገት ይቆማሉ። አስቀድመው ያዘዙን ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ተራርቀን እንድንሄድና የእጅ ስልካችንን ድምፅ እንድናጠፋ። ከዚያ በኋላ ጆሮአችን ራሱ መማር ጀመረ። ከላይ እንደ ውሻ የሚጮኸውን ድምፅ ጦጣ ነው ስንል ወፍ ሆነ፤ ወፍ ነው ያልነው ደግሞ ጉሬዛ ሆኖ ጥቍርና ነጭ ካባውን እያወዛወዘ ከዝግባ ወደ ዝግባ ዘለለ። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ትልቁ ቁራ በላያችን ሲያልፍ የክንፉ ሽውታ ተሰማ። ጉንጩ ነጭ የሆነው አረንጓዴ ወፍ ለመብረር ክንፉን ሲዘረጋ ውስጡ ደም መስሎ ታየ። ያ ቀይ ቀለም መዳብ ያለበት እንደ ሆነና ከዚህ ወፍ ዘመዶች በቀር በሌላ ወፍ ላይ እንደማይገኝ ከመጽሐፋችን ያነበብነው በዚያው ቆመን ነው። መጽሐፍ እንዲህ ሲነበብ ይጣፍጣል።

ከሁሉ ይልቅ ግን ስለ ጥድ የሰማነውን ልናስተላልፍ እንወዳለን። ከአንድ ግዙፍ ጥድ ሥር አቁመውን «ልጁን ፈልጉልኝ» አሉን። ዐሥራ አንዳችንም አጐንብሰን ብንፈልግ የወይራና የሌላ ዛፍ ችግኝ አገኘን እንጂ የጥድ ችግኝ አላገኘንም። ጥድ ብርሃን ወዳድ ስለሆነ በራሱ ጥላ ሥር ልጁን አያሳድግም። ዘሩን ወፍ በልታ ወደ ሜዳ፣ ወደ ደኑ ዳርቻ፣ እሳት ወዳለፈበት ገላጣ ቦታ ትወስድለታለች፤ ወጣቱ ጥድ የሚታየውም በዚያ ነው። ደግሞም ወንዱና ሴቷ በየዛፉ ይለያሉ፤ ሰማያዊ ፍሬ የምትሸከመው ሴቷ ናት። ወይራ ቢቈረጥ ከጕቶው ያቈጠቍጣል፤ ጥድ ግን አንድ ጊዜ ከተቈረጠ አበቃ። ይህን ከሰማን በኋላ የሰንዳፋው ዳገት ትዝ አለን፤ በዚያ ወይራው በሕይወት ተቀብሮ ሲገኝ ጥዱ ለምን እንደ ጠፋ ያን ጊዜ ገባን። ከክፍል ውስጥ ይህ ትምህርት ቢሰጠን በማስታወሻችን ጽፈን ለፈተና እንይዘው ነበር። አሁን ግን በጕልበታችን ጭቃ ይዘነው ተመለስን።

ወደ ላይ ስንወጣ ጥዱ ለኮሶ፣ ኮሶውም ለአስታና ለአሚጃ ቦታውን እየለቀቀ ይሄዳል። ስለዚያ ብዙ አንጽፍም፤ ትንፋሽ አጥሮን ስለ ነበር ያየነው ጥቂት ነው።

ከዛፉ ወፍ ይልቅ እኛን ያስደነቀን ግን መሪው ስለ ራሳቸው የነገሩን ነው። ልጅ ሳሉ ከዚሁ ደን ጭራሮ ይለቅሙ ነበር፤ የጥበቃ ሰው ሲመጣም በየትኛው ሸለቆ እንደሚያመልጡ ያውቁ ነበር። ዛሬ እኛን የመሩን በዚያው በማምለጫው መንገድ ነው። «ደኑን ከሚያጠፋው ሰው በቀር ማን ያውቀዋል?» ብለው ሳቁ። እኛም አብረን ሳቅን እንጂ ነገሩ ቀልድ አይደለም። በደኑ ላይ የሚኖረው ሰው ሲወጣ ዕውቀቱም አብሮት ይወጣል፤ ደኑን ጠብቀን መጽሐፉን አቃጠልን ማለት ነው።

መንግሥትና ዩኒቨርሲቲ በአንድነት የሞከሩት ደግሞ በጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ይታያል። ይህ ቦታ ወደ ሱሉልታና ወደ ቡራዩ በሚመለከተው በከተማው ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ፣ ከ700 ሄክታር በላይ ስፋት ይዞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር ስምምነት የተቋቋመ ነው። አብዛኛውን ቦታ ይዞት የነበረው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ገብቶ፣ ማገዶ አጥታ ልትፈታ የነበረችውን አዲስ አበባን ያዳነ ዛፍ ስለሆነ ልንሰድበው አይገባም። ነገር ግን ከሥሩ ሌላ ነገር በብዛት አያበቅልም፤ ቢቈረጥም ከጕቶው ተመልሶ ስለሚያቈጠቍጥ መሬቱን በቀላሉ አይለቅም። በዚያ ማዕከል ውስጥ ስንዞር ባሕር ዛፉ እየተነሣ አገር በቀሉ ሲተካ በየደረጃው አየን፤ በአንድ በኩል ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ ሰልፍ፣ በሌላው ሰልፍ የማያውቅ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ። ከሰልፍ ወደ ትርምስ መሄድ ዕድገት መሆኑን ለሚጠራጠር ሁሉ በሁለቱ መካከል ጥቂት ደቂቃ ቆሞ ወፍ ቢያዳምጥ በቂ ነው። ነገር ግን ባሕር ዛፉ የብዙ ድኻ እንጀራ ነበር። ከእንጦጦ የቅጠልና የጭራሮ ሸክም ተሸክመው ሲወርዱ የምናያቸው እናቶች ዳገቱ በተከለከለ ቍጥር ዐዲስ መንገድ ይፈልጋሉ። ከእነዚህ መካከል ተደራጅተው በሽመና ለመተዳደር የበቁ አሉ፤ ሁሉም ግን አልበቁም።

ስለ ቤተ ክርስቲያን ደኖች አንባቢው ስለሚያውቀው ባጭሩ እንለፈው። በደቡብ ጐንደር ከእርሻው መካከል እንደ ደሴት የሚታዩትን ደኖች ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ለብዙ ዓመት አጥንተዋቸዋል። ከብት በገባበት ደን ውስጥ ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ችግኙ ግን እንደማይተርፍ ስላስተዋሉም፣ ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር በመሆን ከየማሳው በተለቀመ ድንጋይ አጥር እንዲታጠርላቸው አድርገዋል። ድንጋዩ ከማሳው መነሣቱ ገበሬውንም ጠቀመው፤ እንዲህ ያለ ዘዴ ደስ ይላል።

የማኅበሩ ምሳሌ በመንዝ የጓሳ አምባ ነው። ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሆነው በዚህ ደጋ ላይ የአካባቢው ሕዝብ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ «ቀሮ» በተባለ ሥርዐት ሣሩን ለጥቂት ዓመታት ይዘጋል፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይከፍተውና ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚሆነውን ያጭዳል። ሥርዐቱ በ1967 ዓ.ም. ዐዋጅ ቢፈርስም ሕዝቡ ሌላ የማኅበር መልክ ሰጥቶ መልሶ አቋቋመው። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ በዚያ ይኖራሉ፤ እንግዳ ሲመጣም ከዚያው የተወለደ ሰው ይመራዋል። ጓሳን የጠበቀው የቀበሮ ፍቅር አለመሆኑን ልብ እንበል። ሰዎቹ የጠበቁት ክዳናቸውን ነው፤ ቀበሮው በክዳኑ ተጠለለ።

ወደ እኛው አካባቢ ስንመለስ፣ ከቡራዩ አልፎ ከሆለታ ወዲያ በበርጋ ረግረግ የምትኖር አንዲት ወፍ አለች። ከድርጭት ታንሳለች፤ ክንፏ ላይ ነጭ ምልክት አለባት፤ በሣር ውስጥ ተደብቃ ስለምትኖር ያያት ሰው ጥቂት ነው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያና ከደቡብ አፍሪካ በቀር መኖሪያዋ በርግጥ አይታወቅም፤ ለመጥፋትም እጅግ ከተቃረቡት ወፎች ተቈጥራለች። ቀደም ባለው ዘመን በሱሉልታ ሜዳም ታይታ ነበር። ይህች ወፍ እንቍላሏን የምትጥለው ክረምት ገብቶ ረግረጉ ውሃ ሲይዝና ሣሩ ሲያድግ ነው። ከብቱ በዚያ ጊዜ ከገባ ጎጆዋ ይረገጣል፤ ዘግይቶ ከገባ ግን ትተርፋለች። በ1966 በፈረንጆች አቈጣጠር የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከበርጋ ገበሬዎች ጋር የሠራው ይህንኑ ነው። ማንም ከመሬቱ አልተነሣም፤ የተለወጠው ከብቱ የሚገባበት ጊዜ ነው። ከላይ «ማን እንደ ተወውና ለምን እንደ ተወው» ያልነው ነጥብ እዚህ ላይ ፍሬ አፈራ፤ ገበሬው ራሱ ለጥቂት ሳምንታት ይተዋል፤ ለምን እንደሚተውም ያውቃል።

ይህን ሁሉ ይዘን ስለ ሰንዳፋ ብንናገር መልካም ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ሜዳ «ክልል» የሚለው ቃል በቀላሉ አይሰማም። በ1962 ዓ.ም. ገደማ የለገዳዲ ግድብ ተሠርቶ ለአዲስ አበባ ውሃ መስጠት ጀመረ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የከተማው ቈሻሻ መጣያ በሰንዳፋ አካባቢ ተከፍቶ ገበሬዎቹ አጥብቀው ስለ ተቃወሙት በጥቂት ወራት ውስጥ ቆመ፤ ቈሻሻውም ወደ ቆሼ ተመለሰ። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎች መሞታቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። እንግዲህ ለከተማው ውሃ የሰጠና የከተማውን ቈሻሻ ተቀበል የተባለ ገበሬ «አሁን ደግሞ ለጐብኚ የሚሆን ዱር እንከልልልህ» ሲባል ቢሸሽ ማን ይፈርድበታል? አጥር የሚመጣው ሁልጊዜ ከከተማ ነው፤ ከአጥሩ ውስጥ የሚቀረውም እርሱ አይደለም።

ስለዚህ የመሪው ጕዳይ የጌጥ ጕዳይ አይመስለንም። ስሙን በማንጠቅሰው በሌላ ቦታ አንድ ወጣት መሪ ተሰጥቶን ነበር። የዛፉን የላቲን ስም ከተለጠፈው ሰሌዳ ላይ እያነበበ፣ ፎቶግራፍ የሚነሣበትን ቦታ እያሳየ በአርባ ደቂቃ አዙሮ ወደ በሩ መለሰን። ጠባዩ መልካም ነበር፤ ከጥፋቱም አንቈጥርበትም፤ ያሠለጠኑት እንዲያ ነው። ነገር ግን «እዚህ በፊት ማን ያርስ ነበር?» ብንለው መልስ አልነበረውም። በሱባ ያሉት ሰው ያንኑ ቢጠየቁ የመንደሩን ስም፣ የወይራውን ልዩ ልዩ ጥቅም፣ የትኛው ሸለቆ መቼ እንደ ተቃጠለ ያወጉ ነበር። እኛ እንደምናየው በተተወ መሬት ላይ ለሚሄድ እንግዳ ይህ ከወፉ ስም ያልተናነሰ ትምህርት ነው። ሁለተኛም፣ መሬቱን የተወው ሰው ወይም ልጁ በመምራት የሚያገኘው ገንዘብ ከጤፉ ጋር ሊወዳደር ካልቻለ፣ አጥሩ ሌሊት ሌሊት ይፈርሳል። እኛ ተማሪዎች ደግሞ ለመሪ የሚከፈለውን ብር «በነጻ ሊታይ በሚችል ነገር» እያልን ስንከራከርበት ተገኝተናል። ለዐሥራ አንድ ሰው ሲካፈል ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም ነበር።

የተማሪዎች ማኅበር በዚህ ዓመት ተመሳሳይ ጕዞ ለማዘጋጀት ቢያስብ ከስሕተታችን የተማርነውን እንነግረዋለን። ከዐሥራ ሁለት ሰው አይብለጥ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ኋለኛው የሚሰማው የፊተኛውን ወሬ ብቻ ነው። ጧት በዐሥራ ሁለት ሰዓት መጀመር ይገባል፤ አራት ሰዓት ላይ ወፉ ሥራውን ጨርሷል። በሱሉልታና በቡራዩ በኩል ለሚሄዱ፣ ክረምቱ እንደ ወጣ ሜዳው ውሃ ስለሚይዝ ቦቲ ያስፈልጋል፤ ሰማያዊ ክንፍ ያለውን ዝይ በገፈርሳ ዳር ለማየት ግን ከዚያ የተሻለ ወራት የለም። ኦሮምኛ የሚችል ሰው ከመካከል ይኑር። የዛፍ ስም በሁለቱም ቋንቋ ይጻፍ። ዳቦ የተጠቀለለበት ላስቲክ ይመለስ፤ የእኛ አልተመለሰም ነበር፤ ሽማግሌው አንሥተው ሰጡን።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ሦስታችን ወደ ሰንዳፋ ተመልሰን ሄድን። ስንዴው ታጭዶ ነበር፤ ከብቱም በቃርሚያው ላይ ተለቋል። ሽማግሌውን በዚያው ዳገት ላይ አገኘናቸው። «አባባ፣ ዛሬም ከብት ጠፍቶብን ነው» ብንላቸው ሳቁ፤ ያለ አስተርጓሚ ገባቸው። ከሠላሳዎቹ ቍጥቋጦዎች አንዱ ዙሪያውን በግራር እሾህ ታጥሯል። ለእኛ ብለው ያደረጉት መስሎን ልናመሰግናቸው ስንጀምር ጓደኛችን ጣልቃ ገብቶ አስተረጐመ። ባለቤታቸው የወተት ዕቃ የሚያጥኑበት ወይራ ከገበያ እየገዙ ኖረዋል፤ ዘንድሮ ዋጋው ስለ ተወደደ «ደጃችን ላይ እያለ» ብለው ተቈጥተዋል። እሾኹን የቈረጡት ሽማግሌው ናቸው፤ ያጠሩት ግን ባለቤታቸው ናቸው። ተጠግተን ብናይ ከከብት አፍ ያመለጠ አንድ ቀጭን ዐዲስ ቅርንጫፍ ከእሾኹ በላይ አንድ ስንዝር ያህል ወጥቷል።